የወር አበባ ሳይመጣ የእርግዝና ምርመራው «የለም» ሲል፣ መቼ ነው የሚደገመው?

የሳቢያኗ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከድሬ ነኝ። ለመመለስ እንዲቀላችሁ በቁጥር ላስቀምጠው። የወር አበባዬ አንዴ በ27፣ አንዴ በ30፣ አንዳንዴም በ34 ቀን ነው የሚመጣው። መጨረሻ የታየኝ ጥር 6 ነው። ያለ መከላከያ የተገናኘነው ጥር 19 እና ጥር 26 ነው። የካቲት 4 ትንሽ ቡናማ ነገር ጠብ ብሎ በማግስቱ ጠፋ። የካቲት 5 ማታ በስትሪፕ (ሽንት ውስጥ በሚነከረው የእርግዝና መመርመሪያ) ሞከርኩ፣ አንድ መስመር ብቻ አሳየ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳየው ግን ሁለተኛ ግራጫ መስመር ያለበት መሰለኝ። ዛሬ የካቲት 8 ነው፣ ደም የለም። ጡቴ ተወጥሯል፣ ይደክመኛል፣ ቡና ሲቆላ ያቅለሸልሸኛል።

ይሄ ምልክት እርግዝና ነው ወይስ የወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚሰማው ነው? መስመሩን ልመነው? ስንት ቀን ጠብቄ ልድገም? የደም ምርመራ ባደርግስ ይሻላል?

አዋላጅ ነርስ፣ ሐረር

እህቴ፣ ቀኖቹን መጻፍሽ ግማሽ ሥራ ነው። አብዛኛው ሰው «ቆየብኝ» ብቻ ብሎ ነው የሚጠይቀን። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ የወር አበባሽ ገና አልዘገየም።

ዙርሽ የሚለዋወጥ ከሆነ «ቀረ» የሚባለው ረጅሙ ዙር ካለፈ በኋላ ነው፣ በአማካዩ አይቆጠርም። ያንቺ ረጅሙ 34 ቀን ነው። ጥር 6 ላይ 34 ስትጨምሪ የካቲት 10 ይመጣል። ያ ቀን ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል። የካቲት 5 ላይ የተመረመርሽው እንግዲህ ከዚያ 5 ቀን ቀድመሽ ነው።

ይሄ ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ ላስረዳሽ። እንቁላል የሚለቀቀው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ በፊት ነው፤ «በ14ኛው ቀን» የሚባለው ዙሯ 28 ቀን ለሆነ ሴት ብቻ ነው የሚሠራው። አንቺ ጋ በ27 ከሄደ በ13ኛው ቀን፣ በ34 ከሄደ በ20ኛው ቀን ይሆናል፤ ማለትም ከጥር 18 እስከ ጥር 25 ባለው ጊዜ ውስጥ። የወንድ ዘር ማህፀንና ቱቦ ውስጥ እስከ 5 ቀን ይቆያል፣ እንቁላሉ ግን ከ24 ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ የጥር 19ኙ ግንኙነት በደንብ ሊያስረግዝ የሚችል ነው፣ የጥር 26ቱም ጠርዝ ላይ ነው፣ አይናቅም።

ጽንሱ ከተፈጠረ በኋላ ማህፀን ግድግዳ ላይ እስኪጣበቅ ከ6 እስከ 12 ቀን ይፈጅበታል፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10። ስትሪፑ የሚፈልገው ኤችሲጂ የሚባለው ሆርሞን ወደ ደምሽ የሚገባው ከተጣበቀ በኋላ ነው። እንቁላሉ ጥር 25 ተለቅቆ ከሆነ መጣበቁ እስከ የካቲት 7 ሊዘገይ ይችላል። በሌላ አነጋገር የካቲት 5 ማታ ስትሪፑ የሚያገኘው ነገር ላይኖር ይችላል፣ አርግዘሽ ቢሆን እንኳ። ከተጣበቀ በኋላ ሆርሞኑ በየ2 እና 3 ቀኑ እጥፍ እየሆነ ነው የሚያድገው።

እንዲህ አድርጊ፦ የካቲት 11 ጠዋት ተመርመሪ። «የለም» ካለና ደም ካልመጣ የካቲት 14 ድገሚ። የመጨረሻው የካቲት 17 ነው፣ ከመጨረሻው ግንኙነት 21 ቀን የሚሞላበት። በዚያ ቀን በትክክል ተሠርቶ «የለም» ካለ በእነዚያ ሁለት ቀኖች አላረገዝሽም ማለት ነው፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ይቺ የ21 ቀን ሕግ ዙሯ ፍጹም ለማይታወቅ፣ ገና ለወለደች፣ የመከላከያ መርፌ ላቋረጠች ሁሉ ትሠራለች። የወር አበባን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ከግንኙነቱ ቀን መቁጠር ብቻ ነው።

ጤና መኮንን፣ ጁገል አካባቢ

ምልክቱን በተመለከተ፦ ጡት መወጠር፣ ድካም፣ የሆድ መነፋት፣ ቁጣ ቁጣ ማለት ከፕሮጄስትሮን ሆርሞን የሚመጡ ናቸው። ይሄ ሆርሞን እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ በየወሩ ይጨምራል፣ ብታረግዢም ባታረግዢም። ስለዚህ የወር አበባ ከመጠበቂያው ቀን በፊት ያለ ስሜት የቱንም ያህል ቢበረታ ሁለቱን መለየት አይችልም። የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው፦ የወር አበባ ሲሆን ደም እንደመጣ ጡቱ ይላላል፤ እርግዝና ሲሆን እየጠነከረ ይሄዳል፣ የጡት ጫፍ ዙሪያ ይጠቁራል፣ እዚያ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ጎልተው ይወጣሉ።

ማቅለሽለሽ በብዛት የሚጀምረው መጨረሻ ከታየ የወር አበባ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ 9ኛ ሳምንት አካባቢ ይብሳል። «የጠዋት» ቢባልም ቀኑን ሙሉ ሊሆን ይችላል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለትም 6ኛ ሳምንት ገደማ ነው የሚጀምረው። ከግንኙነት በ4ኛው ቀን «አስመለሰኝ፣ አርግዣለሁ» የሚል ሰው ካለ ያስመለሰው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ ጽንሱ ገና ማህፀን ላይ አልተጣበቀም።

ሽታ ማስጠላት ግን ቀደም ብሎ ሊመጣ ይችላል። የቡና ቁላት፣ የሽንኩርት ጥብስ፣ ሽቶ፣ ዕጣን። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ነገር ግን የወር አበባ ከቀረ ጋር ሲደመር ክብደት አለው።

የካቲት 4 ስለታየሽ ቡናማ ነገር፦ ጽንሱ ሲጣበቅ የሚፈስ ደም ጥቂት ጠብታ ነው፣ ቀለሙ ሮዝ ወይም ቡናማ፣ ከ1 ወይም 2 ቀን አይዘልቅም፣ የረጋ ደም የለውም፣ ሞዴስ አይሞላም። ያንቺ ይመስላል። ግን የወር አበባ ሊመጣ ሲልም እንዲህ ጠብ የሚልባቸው አሉ፣ ብዙ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ምንም አይታያቸውም። እንዳልኩት ቀኑ ነው ዳኛው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የእኛን አገር ስለሚመለከት። ጫት የምትቅም ከሆነ ምልክቱ ይደባለቅብሻል። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በማግስቱ ድብርትና ድካም ያመጣል። «በርጫው ነው» እየተባለ ሁለት ወር የሚያልፍበት አለ። «ጨጓራ ነው» የሚባለው ደግሞ የባሰ ነው። የጨጓራ መድኃኒት ከመዋጥሽ በፊት የወር አበባሽ መጨረሻ መቼ እንደታየ ራስሽን ጠይቂ።

ፋርማሲስቱ፣ ድሬዳዋ

የስትሪፑን ነገር ለእኔ ተዉት።

መጀመሪያ ሙቀቱ። አብዛኛው የስትሪፕ ማሸጊያ ላይ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ይቀመጥ ይላል። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 አካባቢ ይደርሳል፣ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥማ ሌላ ነው። ስትሪፑ ላይ ያለው ቀለም የተያያዘበት ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲን ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። ሲበላሽ ብዙ ጊዜ «የለም» ወደማለት ነው የሚያደላው፣ ወይም ጭራሽ መስመር አያወጣም። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ከተደረደረ ሱቅ አትግዢ፤ ማራገቢያ ወይም ኤሲ ካለው ፋርማሲ፣ ከመደርደሪያ ውስጥ የሚወጣ ይሁን። ገዝተሽም ባጃጅ ውስጥ ወይም የመኪና ኪስ ውስጥ አታሳድሪው። ሐረር ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ይሄ ችግር ያንሳል።

ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጥሽው ሳትከፍቺው አውጥተሽ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቂ። ቀዝቃዛውን ወዲያው ከከፈትሽው ላብ ይይዘውና ወረቀቱ ይረጥባል።

የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ ነው የሚጻፈው። 2026 የሚል ካየሽ የኛ 2018 ወይም የ2019 መጀመሪያ ወራት ማለት ነው። «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብሎ የሚወስድ ደንበኛ አለ፣ አቦ! ከፎይል ማሸጊያው ውስጥ ያለችው ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ከሌለች ወይም ፎይሉ ከተበሳ ይቅርብሽ።

አሠራሩ፦ ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሺ የመጀመሪያውን ሽንት በደረቅና ንጹህ ዕቃ ያዢ። በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ኩባያ አይሁን። ፎይሉን የምትቀጂው ሽንቱ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ቀስቱ ወደ ታች ሆኖ ስትሪፑን አቁመሽ ንከሪው፣ ከላይ የተሰመረውን የገደብ መስመር ሳታሳልፊ። ሽንቱ ከገደቡ ካለፈ ቀለሙ ይታጠባል። መመሪያው ላይ እንደተጻፈው 5 ወይም 10 ሰከንድ ያህል ያዢውና አውጥተሽ ደረቅና ዝርግ ነገር ላይ አስተኚው። በእጅ ይዘሽ አታርገብግቢው። የስልክሽን ሰዓት ሙዪ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንብቢ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጣዪው። ካሴት የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ከሆነ ጉድጓዱ ላይ በጠብታ መጣያው 3 ጠብታ ነው፤ በኩባያ አይፈሰስም።

ቲ (T) የእርግዝናው መስመር ነው፣ ሲ (C) ላይ ያለው ግን ምርመራው መሥራቱን ነው የሚናገረው። እሱ ከሌለ ቲ ላይ ምንም ቢታይ ውጤት አይደለም፣ በሌላ ይደገማል። ሁለቱም ካሉ፣ ቲ ደብዘዝ ቢልም፣ እርግዝና አለ።

የሳቢያኗ፣ አንቺ ማታ ነው የሠራሽው። በድሬ ሙቀት ቀን ሙሉ ውኃ ስንጠጣ እንውላለን፣ ጫት የሚቅም ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሊትር ሙሉ ነው የሚያወርደው። የማታ ሽንት ውኃ ነው። ሆርሞኑ ገና ትንሽ በሆነበት ጊዜ ከቀጠነ ስትሪፑ አያገኘውም። ጠዋት ካልቻልሽ ቢያንስ 4 ሰዓት ሽንትሽን ይዘሽ፣ ብዙ ሳትጠጪ ሞክሪ። በረመዳን ከሆነ ሱሁር ላይ ስትነሺ፣ ውኃ ከመጠጣትሽ በፊት ያለው ሽንት ነው የሚመረጠው።

ላብራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬ

ስለ ግራጫው መስመር። ከአንድ ሰዓት በኋላ የታየን መስመር አንቀበልም። ሽንቱ ሲደርቅ ቀለሙ ያልያዘበት ቦታ ላይ ጥላ ይተዋል። መለያው ቀለሙ ነው፦ እውነተኛ መስመር እንደ ሲ መስመር ቀይ ወይም ሮዝ ነው፣ ስፋቱም ከሱ ጋር እኩል ነው፣ በተባለው ደቂቃ ውስጥ ነው የሚወጣው። የደረቀው ጥላ ግራጫ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ወይም ግማሽ ብቻ ነው። ግራ ከገባሽ ብርሃን ላይ አድርገሽ ከሲ ጋር አወዳድሪው።

በ3 ደቂቃ ውስጥ ደብዛዛ ሮዝ ካየሽ ግን «ግማሽ እርግዝና» የሚባል የለም። ሆርሞኑ አለ፣ መጠኑ ገና ትንሽ ነው። ከ48 ሰዓት በኋላ ስትደግሚው መስመሩ ይደምቃል። ካልደመቀ ወይም ከጠፋና ደም ከመጣ፣ ጽንሱ ተጣብቆ ወዲያው የወረደ ሊሆን ይችላል። ይሄ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ቀኑን ሳይጠብቁ የሚመረመሩ ሰዎች ያዩታል እንጂ ሌላው «የወር አበባዬ ሁለት ቀን ቆየብኝ» ብሎ ያልፈዋል።

የደም ምርመራ ይሻላል ወይ ላልሽው፣ ይለያያል። ስትሪፑ በተለምዶ የሚይዘው ከ25 ሚሊ ዩኒት በሚሊ ሊትር ጀምሮ ነው። መጠን የሚለካ የደም ምርመራ ከ5 በላይ ያለውን ያያል፣ ስለዚህ ጥቂት ቀን ይቀድማል። ከ5 በታች የለም፣ ከ25 በላይ አለ፣ በመሃል ያለው ከ2 ቀን በኋላ ይደገማል። ግን ልብ በይ፦ ላብራቶሪ ሄደሽ ሽንት ከሰጠሽ እኛም የምንጠቀመው ብዙ ጊዜ ያንኑ ዓይነት ስትሪፕ ነው። የተለየ ማሽን እየመሰለው በዚያው ቀን ሦስት ላብራቶሪ የሚዞር ሰው ገንዘቡን ያባክናል፣ ቀኑ ካልደረሰ የትም ሂጂ ያው ነው። ደም የሚያስፈልገው ዶክተሩ የሆርሞኑን እድገት መከታተል ሲፈልግ ነው፣ ለምሳሌ ደም እየፈሰሰሽ ወይም ሆድሽን እያመመሽ ከሆነ። ለተራው ጥያቄ የ3 ቀን ትዕግሥትና ሌላ ስትሪፕ ይበቃል።

አልትራሳውንድም እንዲሁ። በ4ኛ ሳምንት ብትሄጂ ባዶ ማህፀን ነው የሚታየው፣ ያለ ምክንያት ትደነግጪያለሽ። በሆድ በኩል ሲታይ የልብ ምት በአብዛኛው 7ኛ ሳምንት ገደማ ነው የሚገኘው፣ በብልት በኩል ከሆነ ወደ 6ኛ ሳምንት።

«አለ» ብሎ የሚዋሽባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፦ በቅርብ ያስወረዳት ወይም የወለደች (ሆርሞኑ ለመጥፋት ሳምንታት ይወስዳል)፣ ለመካንነት ሕክምና ኤችሲጂ የተወጋች፣ እና አልፎ አልፎ በሽታ። የእርግዝና መከላከያ እንክብል፣ ፖስትፒል፣ አንቲባዮቲክ፣ የወባ መድኃኒት ውጤቱን አይቀይሩትም።

ከለገሃሬ

በስኳርና በጨው ላይ ሽንት ጠብ አድርጎ ማየትስ? የጥርስ ሳሙና የሚሉም አሉ፣ በረኪናም።

ላብራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬ

አንዳቸውም ኤችሲጂን አያውቁትም። የጥርስ ሳሙናው የሚያረፋው በሽንቱ አሲድነት ነው፣ የወንድ ሽንትም ያስረፋዋል። ጨውና ስኳሩም ያው። በረኪናው ግን ቀልድ አይደለም፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፣ በተዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ በፍጹም እንዳትሞክሩት።

የሳቢያኗ

እግዜር ይስጥልኝ፣ የካቲት 11 እጠብቃለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጤና ጣቢያ ብሄድ «ታይፎይድ ነው» ወይም «ወባ ነው» ብለው መድኃኒት እንዳይሰጡኝ እፈራለሁ። ሌላው ለእህቴ ነው፦ የሦስት ወር መርፌ ትወጋ ነበር፣ አሁን ቀጠሮዋ ካለፈ 6 ሳምንት ሆኗታል፣ ደም ማየት ካቆመች ቆየች። የ8 ወር ልጅም ታጠባለች። እሷ በምን ትወቅ?

ጤና መኮንን፣ ጁገል አካባቢ

ትኩሳት ካለሽ የወባ ምርመራውን አትፍሪው፣ ድሬ ላይ ወባም ደንጌም አለ፣ ድካምና ማቅለሽለሽ የእነሱም ምልክት ነው። ትኩሳት ግን የእርግዝና ምልክት አይደለም። ሙቀትሽ በቴርሞሜትር 38 ከሆነ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፣ እርግዝና ቢኖርም ባይኖርም። ታይፎይድ በዊዳል ብቻ ሲባል ግን ጠንቀቅ በይ፣ ያ ምርመራ ድሮ የያዘሽን ወይም ሌላ ኢንፌክሽንንም «ፖዘቲቭ» ይላል።

ዋናው ነገር ካርድ ክፍል ሳይሆን ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ «የወር አበባዬ መጨረሻ የታየው ጥር 6 ነው፣ ላረግዝ እችላለሁ» ማለት ነው። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይቀየራል። ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ዶክሲሳይክሊንም አይመረጥም። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ይቅሩ፤ «ወገቤን አመመኝ» ብሎ የዲክሎፌናክ መርፌ መወጋት እዚህ ልማድ ሆኗል። ለፈንገስ የሚዋጠው ፍሉኮናዞልም ይቆይ። ለራስ ምታትና ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃል። ራጅ ካዘዙልሽም ቀድመሽ ንገሪያቸው። በሌላ በኩል የሚጥል በሽታ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት አርግዣለሁ ብላ በራሷ ማቆም የለባትም፤ ሐኪሟ ካስፈለገ ይቀይርላታል።

አዋላጅ ነርስ፣ ሐረር

ለእህትሽ። ዴፖ የሚባለው መርፌዋ በ3 ወር ነው የሚደገመው፣ እስከ 4 ሳምንት ዘግይቶም ያለ ተጨማሪ ምርመራ መወጋት ይቻላል። እሷ 6 ሳምንት ስላለፋት ከዚያ ወጥታለች። በመርፌው ምክንያት የወር አበባ መጥፋቱ የተለመደ ነው፣ ካቆሙት በኋላም ለወራት ላይመለስ ይችላል። የመፀነስ አቅም የሚመለሰው ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር አካባቢ ነው፣ ግን ቶሎ የሚመለስላቸውም ስላሉ አማካዩ ዋስትና አይሆናትም።

ጡት ማጥባቷም አሁን አይከላከልላትም። ጡት የሚከላከለው ሦስቱ አንድ ላይ ሲሟሉ ነው፦ ልጁ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የወር አበባዋም ካልተመለሰ። የ8 ወር ልጅ አጥሚትና ገንፎ ይበላል፣ አለቀ። ደግሞ ከወሊድ በኋላ እንቁላል የመጀመሪያው ደም ከመታየቱ በፊት ሊለቀቅ ስለሚችል፣ ደም ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። «ደም ካላየሁ አላረግዝም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያሳስተው።

ስለዚህ፦ ዛሬውኑ በጠዋት ሽንት ትመርመር። «የለም» ካለ ኮንዶም እየተጠቀሙ ከመጨረሻው ያልተጠበቀ ግንኙነት 21 ቀን ሲሞላ ትድገም። ያኔም «የለም» ካለ መርፌዋን ትወጋ። ከዚያ በኋላ በ3 ወሩ ቀጠሮ ትሄዳለች። ፖስትፒል ለወሰደች ሴትም ያው ቁጥር ነው፤ የሚቀጥለው ደም እስከ አንድ ሳምንት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፣ ከ7 ቀን በላይ ከዘገየ ግን መመርመር አለባት። ሉፕ ያላት ሴት ምርመራው «አለ» ካላት ነገ ሳትል ትሂድ፣ ሉፕ እያለ የተፈጠረ እርግዝና ከማህፀን ውጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ይሄንንም ለሁላችሁ፦ ስትሪፑ ከማህፀን ውጭ ያለን እርግዝናም «አለ» ይላል፣ የት እንዳለ አይነግርም። የወር አበባ ቀርቶ ከታች በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ ራስ ማዞር፣ መውደቅ፣ ወይም ትከሻ ጫፍ ላይ ያለ ምክንያት የሚያም ከሆነ ሌላ ስትሪፕ መግዛት ጊዜ ማባከን ነው። ድሬ ከሆንሽ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆንሽ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል፣ ሌሊትም ቢሆን። ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ብቻሽን ባጃጅ ላይ አትውጪ። ከ4 ነፍሰ ጡሮች አንዷ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ያያታል፣ ብዙዎቹ በሰላም ይወልዳሉ፤ ደም ከሕመምና ከማዞር ጋር ሲመጣ ነው የማይጠበቀው።

የሳቢያኗ

«አለ» ቢለኝስ መጀመሪያ ምን ላድርግ? ጤና ጣቢያ መቼ ልሂድ? ሰፈር ውስጥ ሁሉም ስለሚያውቀኝ ፋርማሲ መግባቱም ከብዶኛል።

ፋርማሲስቱ፣ ድሬዳዋ

ለመግዛቱ ሰፈር ቀይሪ፣ ከሳቢያን ከዚራ ወይም መጋላ ብትወርጂ ማንም አይጠይቅሽም። ሁለት በአንዴ ግዢ፣ ለመድገሚያው እንዳትመለሺ። ደግሞ «ለእርግዝና ምርመራ» ብለሽ ጮክ ማለት የለብሽም፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ወይም ስልክሽ ላይ አሳዪ፣ ይገባናል። ፎሊክ አሲድም አብረሽ ያዢ፦ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ገና ምርመራው ሳይረጋገጥም መጀመር ይቻላል። የጽንሱ አከርካሪ መስመር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ4 ሳምንት ውስጥ ስለሆነ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን በምታውቅበት ሰሞን ነው ሥራው የሚያልቀው።

አዋላጅ ነርስ፣ ሐረር

«አለ» ካለሽ ከ12ኛው ሳምንት በፊት መንግሥት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክትትል ጀምሪ፣ የእርግዝና ክትትል እዚያ በነጻ ነው። የደም ዓይነት፣ የደም ማነስ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ሽንትና የደም ግፊት ይታያል። ጫት፣ ሲጋራ፣ ሺሻና አልኮል ያኔውኑ ይቁሙ፤ ጫት የልጁን የውልደት ክብደት ይቀንሳል። ቡናውን ሦስቱንም ሳይሆን አቦሉን ብቻ ጠጥተሽ ተነሺ፣ ሽታው ከፈቀደልሽ ነው እንግዲህ። ምንም ብትወስኚም፣ ቀኑን በትክክል ማወቅሽ ነው አማራጭ የሚሰጥሽ፣ ስለዚህ ጥር 6 የሚለውን ጻፊው።

የመውለጃ ቀንሽንም ከዚያው ትቆጥሪያለሽ። በኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ ቀላል ነው፦ የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን ላይ 9 ወርና 10 ቀን መጨመር፣ መሃል ላይ ጳጉሜን ካለፈች ደግሞ 10 በሚለው ፈንታ 5 (ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 4)። ጥር 6 ላይ 9 ወር ጥቅምት 6፣ ጳጉሜን ስላለፈች 5 ቀን፣ ጥቅምት 11። ዙርሽ በ34 የሄደበት ወር ከሆነ እንቁላሉ ዘግይቶ ስለተለቀቀ ይሄ ቀን በ6 ቀን ገደማ ወደፊት ይገፋል፣ ከ12ኛ ሳምንት በፊት የሚነሣ አልትራሳውንድ ያስተካክለዋል። ነሐሴ ላይ የወር አበባቸው የታየ ሴቶችም ለሚቀጥለው ሲቆጥሩ ጳጉሜንን እየዘለሉ 5 ቀን ይሳሳታሉ፦ ነሐሴ 20 ታይቷት በ28 ቀን የምትመላለስ ሴት የምትጠብቀው መስከረም 13ን ነው፣ መስከረም 18ን አይደለም።